ትንሽ ልጅ ይዘሽ እንግሊዝ አገር ብቻሽን ከሆንሽ፦ ስለ ሕፃናት መጫወቻ ቡድኖችና ስለ ድጋፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ይዘው እንግሊዝ ውስጥ ሰው የራቃቸው ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህን ነው። በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ አሠራሩ በመጠኑ ይለያል።

የሕፃናት መጫወቻ ቡድን ምንድን ነው? ልጁን እዚያ ትቼ መሄድ እችላለሁ?

አትችይም፤ ነርሰሪ አይደለም። ወላጅ ከልጁ ጋር መጥቶ ከልጁ ጋር የሚቆይበት ቦታ ነው። እዚህ አገር «ቶድለር ግሩፕ» ወይም «ስቴይ ኤንድ ፕሌይ» ይሉታል። ገና ከሚድኸው ጀምሮ ድክ ድክ እስከሚለውና እስከሚሮጠው ድረስ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ በዚህ አገር ሰዓት ጠዋት 9:30 ወይም 10:00 ላይ ይጀምርና ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ይቆያል።

ምን እንደሚጠብቅሽ ካወቅሽ ፍርሃቱ ይቀንሳል። በር ላይ የአንቺንና የልጁን ስም ትጽፊያለሽ። ጋሪውን ጥግ ታቆሚያለሽ። ልጁ ወደ መጫወቻው ይሄዳል፣ አንቺ አጠገቡ ትቀመጫለሽ። መሃል ላይ ለልጆች ፍራፍሬና ውሃ፣ ለወላጆች ሻይ ይመጣል። ልጁ የማይስማማው ምግብ ካለ ገና ስትገቢ ተናገሪ። ሲያበቃ ሁሉም መጫወቻውን አብሮ ይሰበስባል፤ ከዚያ ክብ ሠርተው ለልጆቹ ይዘፍናሉ። ዘፈኖቹን አለማወቅሽ ማንንም አያስገርምም። አጨብጭቢ፣ በሁለት በሦስት ሳምንት ልጅሽ ራሱ ያስተምርሻል።

እንዲህ ያለ ቡድን በሰፈሬ እንዴት አገኛለሁ?

ሦስት ቦታ ፈልጊ። አንደኛው የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የቤተሰብ ማዕከል ነው። ድሮ «ሹር ስታርት» ይባል የነበረው፣ መንግሥት በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ፕሮግራም ነው። ከ2010 ወዲህ በጀት ሲቆረጥ ብዙዎቹ ማዕከላት ተዘግተዋል፤ ስለዚህ ቀድማሽ የወለደች ጓደኛሽ የነገረችሽ ቦታ ዛሬ ላይኖር ይችላል። አሁን ያሉት «ቺልድረንስ ሴንተር» ወይም «ፋሚሊ ሃብ» ይባላሉ። ሁለተኛው ላይብረሪ ነው። አብዛኞቹ ላይብረሪዎች «ራይም ታይም» የሚባል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚቆይ የሕፃናት የዘፈንና የተረት ጊዜ አላቸው። ሦስተኛው የቸርች አዳራሽ ነው። እዚያ ማንም ሃይማኖትሽን አይጠይቅሽም፤ ሙስሊም እናቶችም ምንም የማያምኑም ይመጣሉ።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ላይብረሪን ነው። አጭር ነው፣ ነጻ ነው፣ ብዙ ወሬ አይጠበቅብሽም። ልጅሽ ቢያለቅስና ብትወጪም ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ካስቸገረሽ ለካውንስልሽ ደውዪና «ፋሚሊ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስ» በያቸው። በ2006 በወጣው የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ መሠረት ካውንስሉ ለወላጆች ይህን መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። የፖስት ኮድሽንና የልጁን ዕድሜ ስትነግሪያቸው በአቅራቢያሽ ያለውን ይነግሩሻል። «ሃፒቲ» የሚባለው ድረ ገጽም በፖስት ኮድ እየለየ ያሳያል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አብዛኛው ቡድን የሚሠራው ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ጊዜ ብቻ ነው። በኦገስት ሄደሽ በሩ ተዘግቶ ብታገኚው ቀርቷል ማለት አይደለም። በሴፕቴምበር ተመለሺ።

ይከፈላል?

የካውንስል ማዕከልና ላይብረሪ በአብዛኛው ነጻ ነው። ቸርች አዳራሽ ውስጥ ለሻይና ለብስኩት ፓውንድ ወይም ሁለት ሦስት ፓውንድ ይጠይቃሉ። ከሌለሽ ለአዘጋጇ ለብቻዋ ንገሪያት፤ «ግድ የለም፣ ነይ» የሚሉ ናቸው። ውድ የሚሆኑት የግል የሙዚቃ፣ የዋናና የጂምናስቲክ ክፍሎች ናቸው። እነሱ ቀሩብኝ ብለሽ አትዘኚ። የሁለት ዓመት ልጅ የሚያስፈልገው ሌላ ልጅና ሰፊ ወለል ነው።

ቪዛዬ ላይ «ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ» (የመንግሥት ድጎማ መውሰድ አይቻልም) ተብሎ ተጽፏል። ብሄድ ችግር ያመጣብኛል?

አያመጣብሽም። «ፐብሊክ ፈንድስ» የሚባሉት ተዘርዝረው የታወቁ ናቸው፦ እንደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ቻይልድ ቤኔፊትና የካውንስል ቤት ያሉት ማለት ነው። የመጫወቻ ቡድን፣ ላይብረሪ፣ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) እና ሄልዝ ቪዚተር (የእናትና የሕፃን ጤና ተከታታይ) ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ጂፒ ለመመዝገብም ፓስፖርት ወይም የአድራሻ ማረጋገጫ ግዴታ አይደለም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሠራተኛ ሌላ ብትልሽ በትሕትና ኃላፊዋን ጥሪልኝ በያት።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ፣ ከሞላው በኋላ ከሚመጣው ተርም (የትምህርት ወቅት) ጀምሮ በሳምንት 15 ሰዓት ነጻ ነርሰሪ ያገኛል። የወላጅ ቪዛ አይታይም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች ልጃቸው ሁለት ዓመት ሲሞላው ይህንኑ 15 ሰዓት ሊያገኙ ይችላሉ፤ ይህ ክልከላ ቪዛቸው ላይ ያለባቸውም ጭምር። የገቢና የቁጠባ ጣሪያ ስላለው ካውንስሉን ጠይቂ። ለሚሠሩ ወላጆች የሚሰጠው 30 ሰዓት ግን ሌላ ነው። እሱን ለማግኘት ቢያንስ አንደኛችሁ ከዚህ ክልከላ ነጻ መሆን አለባችሁ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ምን ብዬ ነው የማወራው?

መጀመሪያ ላይ ሁለት ጥያቄ ይበቃሻል፦ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ ስሙ ማን ነው። እዚህ አገር የእናቶች ወሬ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ምግብ። ስለ ልጅ የሚነገረው ቋንቋ ጥቂት ቃላት ነው፤ በየሳምንቱም ያው ስለሚደጋገም ከክፍል ይልቅ እዚህ ይገባሻል።

በለንደን፣ በሊድስ፣ በማንቸስተር ወይም በበርሚንግሃም ያለ ቡድን ውስጥ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሶማሊኛ፣ አረብኛ፣ ትግርኛ፣ ቤንጋሊ የሚናገሩ እናቶች አሉ፤ እነሱም እንዳንቺ ቃል እየፈለጉ ነው። ማዕከሉን ስለ እንግሊዝኛ ትምህርትም ጠይቂ። አንዳንዶቹ አንቺ ስትማሪ ልጁን የሚይዙበት ክፍል አላቸው።

ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ ማውራቴ ልጁን ወደ ኋላ ያስቀረዋል?

አያስቀረውም። በምትችዪው ቋንቋ፣ በሙሉ ልብሽ አውሪው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከምታናግሪው ይልቅ በበሰለ አማርኛ ተረት ብትነግሪው፣ ብታጫውቺውና ብትቆጪው ቋንቋ የሚባለው ነገር በደንብ ይገባዋል። እንግሊዝኛውን ከቡድኑና ከነርሰሪው ያመጣዋል።

በሁለት ዓመት አካባቢ አንድ ልጅ ሃምሳ ያህል ቃላት ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። ሲቆጠር የሁለቱም ቋንቋ ቃላት ይደመራሉ። «ውሃ» ካለ ተቆጥሯል። ባለሙያዋ የምትቆጥረው እንግሊዝኛውን ብቻ ከመሰለሽ አማርኛውን ጽፈሽ ይዘሽላት ሂጂ።

ሄልዝ ቪዚተር ማናት? ብቸኝነቱ ከብዶኛል ብላት ሶሻል ሰርቪስ (የካውንስሉ የልጆች ደኅንነት ክፍል) ልጄን ይወስድብኛል?

ሄልዝ ቪዚተር ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደች ነርስ ወይም አዋላጅ ናት። ልጅሽ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንቺንና እሱን የሚከታተል ቡድን አለ። በእርግዝና መጨረሻ፣ በወለድሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት መካከል፣ ወደ አንድ ዓመት ሲጠጋና ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ልታይሽ ይገባል። በመሃልም ቢሆን መደወል ትችያለሽ። ቁጥሩን ብዙ ጊዜ ልጁ ሲወለድ በተሰጠሽ ቀይ ደብተር (የልጁ የጤና መዝገብ) ላይ ታገኚዋለሽ። ካጣሽው ጂፒሽን ጠይቂ። ስለ መጫወቻ ቡድኖች ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አንዳንዴ የመጀመሪያ ቀን አብራሽ የምትሄድ ሠራተኛም ታገናኝሻለች።

ሶሻል ሰርቪስ የሚለው ፍርሃት በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በጣም ሥር የሰደደ ስለሆነ በግልጽ እንነጋገርበት። በዚህ አገር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅ አይወሰድም። ለየት የሚለው ፖሊስ ልጁ ከባድ አደጋ ላይ ነው ብሎ ሲያምን ነው፤ ያኔም ቢሆን ከ72 ሰዓት በላይ ሊያቆየው አይችልም። ሄልዝ ቪዚተሯ ልጅ እየተጎዳ እንደሆነ ካየች የማሳወቅ ግዴታ አለባት። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ነገር ግን «ሰው የለኝም፣ ደክሞኛል፣ አለቅሳለሁ» ማለት ልጅን መጉዳት አይደለም። እሷ በየቀኑ የምትሰማው ነው፤ ሥራዋም እዚያ ላይ መርዳት ነው። እንዲያውም ቀድማ እርዳታ የጠየቀች እናት ለልጇ እንደምታስብ ነው የሚታየው።

አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለሽ። «አምሐሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ሴት እንድትሆንልሽም መጠየቅ ትችያለሽ። ባልሽ ወይም ትልቁ ልጅሽ እንዲያስተረጉም አትፍቀጂ፣ የልብሽን አትናገሪምና። ማኅበረሰቡ ትንሽ ነው፣ አስተርጓሚዋ ታውቀኝ ይሆናል ብለሽ ከፈራሽ በስልክ ይሁንልኝ በይ። በስልክ የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ከተማ ናት። ስምሽን ለእሷ መናገርም የለብሽም። ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታም አለባት።

ሄጄ ነበር፤ ማንም አላናገረኝም። ለምን ልመለስ?

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ጥያቄ ነው። ብዙ እናት የምታቆመው እዚህ ላይ ነውና። አገር ቤት ወልደሽ ቢሆን ሰው ራሱ ይመጣ ነበር። ገንፎ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ዘመድ፣ ልጁን ከእጅሽ ነጥቃ የምታቅፍ እናት። ማንንም አትጠሪም ነበር። እዚህ አገር ግን ሰው የማያውቀውን ሰው ቀድሞ ማናገር እንደ መድፈር ይቆጥረዋል። ዝም ያሉሽ ስለጠሉሽ ወይም ስለናቁሽ ነው ብለሽ ወዲያው አትደምድሚ። ብዙዎቹ እነሱም ቀድሞ የሚያናግራቸው ሰው እየጠበቁ ነው።

ዋናው ነገር መደጋገም ነው። በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ከምትሞክሪ ይልቅ አንድ ቡድን ምረጪና በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ። በሁለተኛው ሳምንት ፊትሽን ያውቁታል። በሦስተኛው «ሃሎ» ይሉሻል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው አንዷ ስለ ልጅሽ ትጠይቅሻለች። ሳምንት እየዘለሉ ሲሄዱ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያ ቀን ይሆናል።

ከተባለው ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። ሰው ሳይሞላ ስትገቢ አዘጋጇን ብቻዋን ታገኚያታለሽ። «እዚህ ሰፈር ሰው አላውቅም» በያት። ይህን ከሰማች ከማን ጋር እንደምታስቀምጥሽ ታውቃለች። መጫወቻ ሲሰበሰብና ኩባያ ሲታጠብ እጅሽን አስገቢ። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍም ይፈታል፤ ቡና ሲቆላ እንደምናወራው ማለት ነው። ከዚያ አንዲት እናት ብቻ ትበቃሻለች። ልጆቻችሁ ከተስማሙ «ሐሙስ ፓርክ እንሂድ?» በያትና ስልክ ተለዋወጡ። እዚህ አገር ቤት ድረስ ለመጥራት ጊዜ ይወስዳሉ፤ ፓርክ ግን ማንንም አያስጨንቅም።

አንድ ወር ተኩል ያህል ሞክረሽ ቦታው አሁንም ከቀዘቀዘብሽ ቀይሪው። አንዳንድ ቡድን ለዓመታት የሚተዋወቁ ሰዎች ብቻቸውን የሚያወሩበት ነው፤ ያ የአንቺ ጥፋት አይደለም። የዘር ንቀት ካየሽ ግን ወር ተኩል አትጠብቂ። ለአዘጋጇ ወይም ለካውንስሉ ተናገሪና ሌላ ቦታ ሂጂ።

ልጄ ሌሎቹን ይመታል፣ ይናከሳል። ወይም ቀሚሴን ይዞ አይለቅም። አፍራለሁ።

በዚህ ዕድሜ ሁለቱም የተለመደ ነው። ቢመታ ፈጥነሽ ሂጂ፣ እጁን ያዢና «አይሆንም፣ ያማል» በይው፣ የተመታውን ልጅ አባብዪ፣ እናቱን «ሶሪ» በያት። ከዚህ በላይ የሚጠብቅብሽ የለም። አንቺ ልጁን መምታትና መጮህ ግን እዚያ ቦታ ፈጽሞ አይወደድም። ቀሚስሽን የሚይዘውን ደግሞ አትግፊው፤ ወለሉ ላይ አብረሽው ተቀመጪ። ቤት ውስጥ ከአንቺ በቀር ሰው አይቶ የማያውቅ ልጅ ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል።

ሥራዬ በሽፍት ነው፤ ጠዋት አይመቸኝም። አባት ብሆንስ?

የቅዳሜ ቡድን ፈልጊ። አንዳንድ ማዕከላት ቅዳሜ ጠዋት ለአባቶች ብቻ የሚሆን ጊዜ አላቸው፤ ላይብረሪዎችም ቅዳሜ ተረት ያነባሉ። በኬር ሥራ ሌሊት አድረሽ ከሆነ ከመተኛትሽ በፊት ለአንድ ሰዓት ልጁን ላይብረሪ ወስደሽው አብራችሁ መመለስ ይቻላል። በየሳምንቱ ባይሆን እንኳ በምትችዪው ቀን አንድ ቦታ ብቻ ያዢ።

ለአባት፦ ወንድሜ፣ በአዘቦት ቀን ብትሄድ ምናልባት ብቸኛው ወንድ ትሆናለህ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይከብዳል። ግን በሁሉም ቡድን አባት መግባት ይችላል፤ «ለእናቶች ብቻ» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር። ልጅህን ይዘህ ወለሉ ላይ ከተቀመጥህ ሰው ራሱ ይቀርብሃል። ለብቻህ የምታሳድግ ከሆንህ «ጂንጀርብሬድ» ከ1970 ጀምሮ ልጅ ለብቻቸው ለሚያሳድጉ ወላጆች የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቤኔፊትና ስለ ተቆራጭ ነጻ ምክር ይሰጣሉ።

ከቤት መውጣቱ ራሱ አቅቶኛል። ጠዋት መነሳት እንኳ ይከብደኛል።

እንዲህ ከሆነ መጫወቻ ቡድን መጀመሪያሽ አይደለም። መጀመሪያ ሰው ወደ አንቺ ይምጣ። «ሆም ስታርት» የሚባል ድርጅት አለ። በ1973 በሌስተር ከተማ የተጀመረ ነው። ራሱ ልጅ ያሳደገ ወይም ልምድ ያለው የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ያህል ቤትሽ ይመጣል። ልጁን ይይዝልሻል፣ ያወራሻል፣ ስትበረቺ አብሮሽ ወደ ቡድኑ ይሄዳል። አይከፈልበትም። ራስሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ሄልዝ ቪዚተሯም ልታስመዘግብሽ ትችላለች። በሁሉም ወረዳ የለም፣ ወረፋም ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ጠይቂ።

ሁለተኛ፣ ሕመም ሊሆን እንደሚችል እወቂ። ከወለዱ እናቶች ከአሥር አንዷ በላይ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ድባቴ ይይዛታል። ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ከልጁ ጋር ፍቅር እንደሌለሽ መሰማት ምልክቶቹ ናቸው። አባቶችንም ይይዛል። አገር ቤት አራስ ለሳምንታት ሰው እየተቀባበለ ይይዛታል። እዚህ አባት በሕግ የሚያገኘው የአባትነት ፈቃድ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ማንም ሰው እንዲህ ብቻውን ቢቀር ይታመማል። እምነትሽ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ጠበልሽን ተጠመቂ፣ ጸሎትሽን አድርጊ፣ ዱዓሽን አድርጊ፤ ጂፒሽንም እዪ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። «ቶኪንግ ቴራፒስ» ለሚባለው የኤን ኤች ኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) የምክክር ሕክምና ያለ ጂፒም ራስሽ መመዝገብ ትችያለሽ።

ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። 111 ደውዪና ሁለት ቁጥርን ተጫኚ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያገናኙሻል። አደጋው አሁኑኑ ከሆነ 999 ደውዪ። 116 123 «ሳማሪታንስ» ናቸው፤ ቀንም ሌሊትም በነጻ ይሰማሉ።

ልጄ ስሙን ስጠራው አይዞርም፣ ከልጆች ጋር አይጫወትም። ሰው ስለሚያየው መውጣት ትቻለሁ።

ይህን ይዞ ቤት የተዘጋ ቤተሰብ በማኅበረሰባችን ውስጥ ብዙ ነው። ኦቲዝም ይሁን፣ የመስማት ችግር ይሁን፣ ወይም ዘግይቶ የሚናገር ልጅ ይሁን ከቤት ሆኖ አይታወቅም። ለሄልዝ ቪዚተሯ ንገሪያትና የመስማት ምርመራ እንዲደረግለትና ወደ ባለሙያ እንዲላክ ጠይቂ። የሁለት ዓመቱ ምርመራ እስኪደርስ አትጠብቂ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ወረፋው ውስጥ መግባት ያለብሽ ዛሬ ነው።

እስከዚያው ተጨማሪ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናት የተዘጋጀ የመጫወቻ ጊዜ በማዕከሉ እንዳለ ጠይቂ። እዚያ ልጅሽ ቢጮህም፣ ቢሽከረከርም፣ ጥግ ቢቀመጥም ማንም አያፈጥበትም። የሌሎቹም ልጆች እንደዚያው ናቸውና። በብዙ ካውንስል «ፖርቴጅ» የሚባል አገልግሎትም አለ፤ ባለሙያ ቤት እየመጣ ከልጁ ጋር እየተጫወተ ያስተምረዋል። «ሴንዲያስ» የሚባለው ደግሞ በየካውንስሉ ያለ፣ ስለ ልጁ መብት በነጻ የሚያማክር ነው። እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ የእናትየው ጥፋት ነው የሚለውን አትስሚ። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን ይዘው በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ኒያ ፋውንዴሽንን ሲያቋቁሙ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያሉ ልጆችን ቤት ውስጥ ደብቆ ያኖር ነበር። እሳቸው አልደበቁም። አንቺም አትደብቂው።

ባለቤቴ እንድወጣ አይፈልግም። ምን ላድርግ?

ስለሚሰጋ ነው ወይስ ስለሚቆጣጠርሽ? ልዩነቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰፈሩን ባለማወቅ የሚሰጋ ከሆነ አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ሂዱ፤ ቦታውን ሲያየው ይረጋጋል። ስልክሽን የሚፈትሽ፣ ገንዘብ የሚከለክልሽ፣ ሰው እንዳታገኚ የሚያስፈራራሽ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ቁጥጥር ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ወንጀል ነው፤ ባይመታሽም እንኳ።

«ቪዛሽን አስሰርዛለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ብዙ እህቶችን አስሯል። ቪዛ የሚሰጠውም የሚሰርዘውም መንግሥት እንጂ ባል አይደለም። በትዳር አጋር ቪዛ መጥተው በጥቃት ምክንያት ለተለያዩ ሰዎች የተዘጋጀ የተለየ መንገድም አለ። ወረቀት ከመሙላትሽ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ አግኚ። 0808 2000 247 ነጻ የቤት ውስጥ ጥቃት ስልክ ነው፤ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችያለሽ። በራስሽ ስልክ መደወል ካሰጋሽ ከሕፃናት ማዕከሉ ወይም ከጂፒው ደውዪ። ልጅ ለማስመዘን የሄደች እናት ማንም አይጠራጠራትም።

ጓደኛዬ ልጅ ይዛ ብቻዋን ናት። እንዴት ልርዳት?

«የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» ማለት አይበቃም። አትነግራችሁምና። ቀን ቆርጣችሁ ንገሯት፦ «ማክሰኞ 9:15 ላይ በርሽ ላይ ነኝ፣ አብረን እንሄዳለን።» ጋሪውን እናንተ ግፉ። ለሁለት ለሦስት ሳምንት አብራችኋት ከሄዳችሁ በኋላ ብቻዋን ትችላለች። ሩቅ ከሆናችሁ ካውንስሉን እናንተ ደውላችሁ የሰፈሯን ቡድን ቀንና አድራሻ በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩላት።

ስታገኟት «ከሳሽ»፣ «ጠቆርሽ» አትበሏት። ልጁ ለምን እስካሁን አይናገርም ብላችሁም አትጠይቋት። የነገረቻችሁን ለሌላ ሰው አታውሩ። ብዙ እናት ከሐበሻ የምትሸሸው ወሬውን ፈርታ ነው።

የራሳችንን የአማርኛ የሕፃናት ቡድን ማቋቋም እንችላለን?

ትችላላችሁ፤ ከምታስቡትም ቀላል ነው። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር የሚቆዩበት ቡድን በኦፍስቴድ (ነርሰሪዎችንና ትምህርት ቤቶችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) መመዝገብ አያስፈልገውም። ሦስት አራት እናት ይበቃል። መጀመሪያ ሕፃናት ማዕከሉን ወይም ላይብረሪውን ክፍል ጠይቁ፤ ባዶ ሰዓት ካላቸው አንዳንዴ በነጻ ይሰጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አዳራሽም ይሆናል። ነገር ግን የሁሉም ልጅ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ገለልተኛ ቦታ እመርጣለሁ። ፖለቲካ ደጅ ይቅር። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙበት፤ ስንት ጥሩ ጅምር በዚህ ፈርሷል።

ውድ መጫወቻ አትግዙ። የሰፈር ቡድኖች የተረፋቸውን ይሰጣሉ። በአማርኛ እሽሩሩ በሉ፣ ተረት ንገሩ፣ ፊደል የተሣለበት ካርቶን አስይዟቸው። ቡና ማፍላት ካማራችሁ ጀበናውም ረከቦቱም ልጅ በማይደርስበት ክፍል ይሁን። ትኩስ ነገርና ድክ ድክ የሚል ልጅ አንድ ቦታ አይሁኑ። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፌስቡክም ሆነ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ፤ ጥገኝነት የጠየቁ ወይም ከጥቃት የሸሹ እናቶች ይኖራሉና።

አዳራሽ የምትከራዩ ከሆነ ባለቤቱ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይጠይቃችኋል። ቡድኑ ሲጠና ስምና አጭር መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ፣ በቡድኑ ስም የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ፈራሚዎቹ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይሁኑ። ያኔ «ናሽናል ሎተሪ ኮሚዩኒቲ ፈንድ» በእንግሊዝ ለትናንሽ ቡድኖች ከ300 እስከ 20,000 ፓውንድ ለሚሰጠው ድጎማ ማመልከት ትችላላችሁ። ማመልከቻውን ስትጽፉ ስንት ልጅ እንደሚመጣ፣ ከየትኛው ሰፈር እንደሆነና እናቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ሳምንታቸውን እንዴት ያሳልፉ እንደነበር በራሳቸው ቃል አስገቡ።